አማካዩ ሰውዬ

ከቦርከና ማዶ፣ ከፓርኩ አጥር ጀርባ፣
ቁጥር አርባ ሁለት አንኳኩቼ ስገባ፣
ጦይባ ከፈተችልኝ፣ ከሌሊት ፈረቃ መጥታ፣
አንድ ዐይኗን ለእንቅልፍ ሰጥታ፣ ባንዱ እኔን አይታ።

«ጥናት ነው» አልኳት፣ «ከስታቲስቲክስ ነኝ፤ አትስጊ፣
ስም አናወጣም፤ ብቻ መታወቂያሽን ፈልጊ።»
ባልዲ ገልብጣ አስቀመጠችኝ፤ ታብሌቴን ከፈትኩ፤
ከአንድ እስከ ዘጠና ሁለት በተራ ጠየቅኩ።

ባለፈው ሰባት ቀን ስንቴ ሥጋ በላሽ?
ሳቀች። «ሌላ ጠይቅ፣ ቀኔን አታበላሽ።»
ደመወዝሽስ? «ሁለት ሺህ ከስምንት መቶ፣
የዘንድሮው ጭማሪ፣ አራት መቶው፣ እሱም ገብቶ።»
የቤት ኪራይ? እዚህ ላይ ዐይኗን ግድግዳው ላይ ተከለች፤
«ጭማሪውን ሰምቶ አከራዬም ጨመረ» አለች።
«እኔ አራት መቶ ባገኝ እሱ አምስት መቶ ጨመረ፤
ደመወዜ ባደገ ማግስት የማታ እራቴ ቀረ።
አንድ ፍራሽ ላይ ሦስት ነን፤ ከወረባቦ፣ ከሐርቡ፣ ከአልብኮ፤
ኪራዩ ደግሞ በነፍስ ወከፍ ነው፤ በቤት አይደለም እኮ!»
ለቤተሰብ ትልኪያለሽ? «አሁን እነሱ ይልኩልኛል፣
ማሽላ፣ ከባቲ ሰኞ ገበያ፤
እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ ገበሬ ያበላኛል።»

ቁጥር አርባ ሦስት ያው ግንብ ነው፤ ጀርባው የጦይባ ጓዳ፣
ፊቱ እብነ በረድ፤ ጫማዬን አወለቅሁ እንደ እንግዳ።
አቶ አበጋዝ ክፉ አይደለም፤ ውሃ አስመጣልኝ ቀዝቃዛ፣
ስለ ስሚንቶ አጫወተኝ፣ ቆርቆሮ ስንት እንደገዛ።
«ፓርኩ የመጣ ዓመት» አለ፣ ስልኩን አስቀምጦ ሳቀ፣
«እኔ ስሮጥ፣ ዝም ብሎ የተኛው መሬቴ ላቀ።»
ከኋላ ያሉ ክፍሎቹን በጣቱ ቆጠረ፤
በቀለበት ጣቱ ላይ የጦይባ በር ነበረ።

ገቢስ? «አሳንሰህ ጻፈው፤ ቁጥር ዐይን ያመጣል፤
ዛሬ የተጻፈ ነገ ገቢዎች ደጅ ይወጣል።»
አሳነስኩ። ተቀንሶም ከጦይባ መቶ እጥፍ ሆነ፤
ታብሌቱ «ስሕተት?» ብሎ ቀላ፤ «ትክክል» ስለው አመነ።

ጥያቄ ሠላሳ፦ የኪራይ ወጪ። ጥያቄ ሰባ፦ የኪራይ ገቢ።
ያው ብር ነው፤ ከሷ ቅጽ ወጪ፣ ከሱ ቅጽ ገቢ።

ማታ ደሴ ደርሼ፣ ጉም ከጦሳ ሲወርድ፣
ሁለቱን ቤት ደመርኩ፣ እንደ ወተትና አመድ።
ለሁለት ሳካፍል አማካዩ ሰውዬ ብቅ አለ፤
ደኅና ለባሽ፣ ሳምንቱን በሥጋ የዋለ፣
ግማሽ መኪና የሚነዳ፣ ፎቁ አንድ ተኩል፣
ልጁ እስከ ቀትር የግል፣ ከቀትር በኋላ የመንግሥት ተማሪ፣ እኩል በእኩል።
በማግስቱ ልፈልገው ወጣሁ፤ ሙጋድ፣ ቧንቧ ውሃ፤
ተሸካሚ አየሁ፣ ባለ ቪ ኤይት አየሁ፤ መሀሉ በረሃ።

እሱ ያላካፈላትን እኔ በስሌት አካፈልኩ፤
ሳትቀምስ አበላኋት፤ ሪፖርት ላይ አጠገብኩ።

አንድ ጥያቄ ቀረ፣ ቅጹ ሣጥን ያላበጀለት፣
ጦይባ ባልዲውን አንጠልጥላ ጠይቃኝ፣ ሳል ያስቀደምኩለት፦
«አንተስ» አለችኝ፣ «እኔን ስትጠይቅ ውለህ፣
በቀን ስንት ይከፍሉሃል? እሱንም ጻፈው፣ ቦታ ካለህ።»

አበሌ ሰባት መቶ ነው፤ የእሷ ሳምንት፣ ሳይቀነስ ሳይጨመር።
«ባትሪዬ አለቀ» አልኳት።
ሰማንያ በመቶ ይል ነበር።